ማሲንቆው የሚመራው ባንድ፦ የባህል ድምፅን ከሌሎች ስልቶች ጋር ለማዋሐድ ለሚነሡ ወጣቶች

በየከተማው ማሲንቆን ከቤዝ ጊታር፣ ክራርን ከድራም ጋር አዋሕደው የራሳቸውን ድምፅ ለማምጣት የሚሞክሩ ወጣቶች እየበዙ መምጣታቸው ያስደስተኛል። እንዲህ ያሉ ባንዶች አብዛኛውን ጊዜ አሳታሚም ሆነ ስፖንሰር የላቸውም፤ መሣሪያቸውን ከኪሳቸው ገዝተው፣ በጓደኛ ቤት ተለማምደው፣ ሥራቸውን ራሳቸው ቀርጸው ራሳቸው ለአድማጭ የሚያደርሱ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ባንድ ውስጥ ለዓመታት ቤዝ ጊታር ስጫወት ደጋግሜ ያየሁት ችግር ግን አንድ ነው። ባንዱ በመጀመሪያ በጊታር፣ በኪቦርድና በድራም ይዋቀርና ማሲንቆው ወይም ዋሽንቱ የሚጠራው ቅንብሩ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ መግቢያው ላይ ጥቂት ይጫወትና ድምፃዊው ሲጀምር ከኪቦርዱ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ይህ ጌጥ እንጂ ውሕደት አይደለም። እኔ የማምንበት አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ቃናውን (ዘፈኑ የሚነሣበትን የድምፅ ከፍታ)፣ የድምፁን መጠንና የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የባህል መሣሪያው ይወስን፤ ሌላው ወደ እሱ ይምጣ።

ከመነሣታችሁ በፊት ከእናንተ በፊት የሄዱትን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተውና በኋላ በተስፋዬ ለማ የተመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የመጡ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችን በአንድ መድረክ አቀናጅቶ አጫውቷል፤ ብዙውን ጊዜ ለብቻው ወይም ከዘፈን ጋር ብቻ ይሰማ የነበረ መሣሪያ በኅብረት ሲጫወት ምን እንደሚሆን የምትማሩት ከእሱ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ባለ አምስት ድምፁን ዜማ ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር ሲያገናኝ ዜማው እንዳይዋጥ እንዴት እንደተጠነቀቀ አድምጡ። በአዲስ አበባ የተመሠረተው ቋንቋ የተባለው ባንድ ቫዮሊንን ከማሲንቆ፣ ከባስ ክራርና ከከበሮ ጋር ያገናኛል፤ ለንደን ያለው ክራር ኮሌክቲቭ ደግሞ ክራርን፣ ከበሮንና ድምፅን ብቻ ይዞ ትልቅ መድረክ መሙላት እንደሚቻል አሳይቷል። ግሩም መዝሙር የመሠረተው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የቀድሞ ዜማዎችን በአኮርዲዮንና በማንዶሊን መልሶ ሲያመጣ፣ ጃኖ ባንድ በበኩሉ ቅኝቶቻችንን (ዜማዎቻችን የሚሠሩባቸውን የድምፅ አደራደሮች) ወደ ሮክ ወስዷቸዋል። እነዚህን ስትሰሙ ማን ምን እንደሚጫወት ብቻ ሳይሆን ማን መቼ ዝም እንደሚል ልብ በሉ፤ የቅንብሩ ምስጢር በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው።

አባላትን ስለ መምረጥ

በአራት ወይም በአምስት ሰው ጀምሩ። ከዚያ በላይ ሲሆን የልምምድ ቀን ማስማማትም፣ የሚገኘውን ገንዘብ ማካፈልም ከባድ ይሆናል። የመጀመሪያው ተመራጭ ማሲንቆ ወይም ክራር ተጫዋቹ ይሁን፤ ድምፃዊው ወይም ድምፃዊቷ ከእሱ ቀጥሎ ይምጡ፤ ከበሮ፣ ቤዝና ሌላው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የምመክረው ጊታርና ኪቦርድ ተጫዋች በየሰፈሩ ሲገኝ፣ ማሲንቆን አጥርቶ የሚጫወትና ከሌሎች ጋር ለመለማመድ ትዕግሥት ያለው ሰው ግን ከተገኘ ባንዱ በእሱ ዙሪያ ሊገነባ ስለሚገባው ነው።

ማሲንቆ ተጫዋቻችሁ ከአዝማሪ ቤተሰብ ተወልዶ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የተማረ ሊሆን ይችላል፤ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣም ሊሆን ይችላል። የሁለቱ አሠራር ይለያያል። በጆሮው የተማረ ሰው ፊት ኖታ ዘርግታችሁ «ከአራተኛው መስመር እንጀምር» አትበሉት፤ ዜማውን አንጎራጉሩለት፣ በስልክ ቀርጻችሁ ስጡት፣ በማግስቱ እናንተ ያላሰባችሁትን ጨምሮበት ይመጣል። በእኛ ባንድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን ባለማወቃችን ተቸግረናል። አንድ ቀን ድራም ተጫዋቻችን ሁለት ጊዜ «ገና ነው፣ አሁን አትግባ» ሲለው፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጠው ማሲንቆ ተጫዋች ደጋኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «ልጆቼ፣ እኔ የምገባው ግጥሙ ሲያልቅ ነው፤ እናንተ የምትቆጥሩት ምኑን ነው?» አለን። እውነቱን ነበር። ዘፋኟ ስንኙን እንደ ስሜቷ ታረዝመዋለች፤ እኛ ግን በስምንት ቤት (የምት መለኪያ ክፍል) ቆጥረን ዘግተነው ነበር። ከዚያ ወዲህ መቁጠሩን ትተን የስንኙን መጨረሻ መከተል ጀመርን፤ ቤዙም ድራሙም የሚቀየረው የማሲንቆውን ምላሽ ሰምቶ ሆነ።

በገናን በተመለከተ የራሴን አቋም ልናገር። ባለ አሥር ክሩ በገና የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ነው፤ ለጭፈራ በሚቀርብ ዝግጅት ውስጥ ባታስገቡት እመርጣለሁ።

ቅኝትና ቃና

አብዛኛው ጀማሪ ባንድ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። ዋና ዋናዎቹ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ዶ ላይ ብንነሣ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ትዝታ ማይነር የሚገኘው ሚን እና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ በማድረግ ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ይሆናል። አምባሰል ዶ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ ሲሆን፣ አንቺሆዬ ከአምባሰል የሚለየው ሶል ግማሽ ድምፅ ወርዶ ላ ደግሞ ወደ ቦታው ስለሚመለስ ነው። ጊታርና ቤዝ ተጫዋቾች እነዚህን ድምፆች ሳያስቡ እስኪያገኟቸው ድረስ በየቀኑ ይለማመዷቸው።

የዚህ ዕውቀት ጥቅም መድረክ ላይ ይታያል። ክራር እንደ ጊታር አንገት ፍሬት (ድምፅ የሚለዩ የብረት መስመሮች) የለውም፤ እያንዳንዱ ክር የሚሰጠው የተቃኘበትን ድምፅ ነው፣ ስለዚህ ቅኝት በተቀየረ ቁጥር ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው። ባለ ስድስት ክር ክራር ላይ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያውን ድምፅ በኦክታቭ (ያንኑ ድምፅ ከፍ አድርጎ) የሚደግም ከሆነ፣ ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ ሁለት ክር ብቻ ማላላት ይበቃል። ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬም እንዲሁ የሚነኩት ሁለት ክሮች ናቸው፤ አንዱ ይላላል፣ ሌላው ይጠብቃል። ከትዝታ ሜጀር በቀጥታ ወደ አንቺሆዬ መዝለል ግን የክሮቹን ግማሽ መንካት ይጠይቃል፤ ተመልካችም ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ የዝግጅታችሁን የዘፈን ዝርዝር በቅኝት ደርድሩት፦ የትዝታ ዘፈኖችን አንድ ላይ፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ተከታትለው። አቅም ካላችሁ ሁለት ክራር ይዛችሁ ውጡ። ዋሽንት ተጫዋችም ቀዳዳዎቹ አንዴ የተበሱ ስለሆኑ ለየቃናው የተለያየ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች ይይዛል፤ የትኛው ዘፈን በየትኛው ቃና እንደሚሆን ሳይነገረው ቃና አትቀይሩበት።

መነሻ ቃናው የሚወሰነው በድምፃዊው ጉሮሮና በክራሩ ነው። ጊታር ተጫዋች ክፍት ክር ስለሚያገኝበት፣ ሳክስፎን ተጫዋች ጣቱ ስለለመደው የየራሱን ቃና ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ እንደማይሆን ከወዲሁ ተስማሙ። ክራሩን ወደ ላይ ከመጠን በላይ ብታጠብቁት ክሩ ይበጠሳል፤ ብታላሉት ድምፁ ይደክማል። ጊታር ግን ካፖ (ክሮቹን ተጭኖ ቃናውን ከፍ የሚያደርግ ማሰሪያ) ማሰር ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ልኬቱ ነው። ኪቦርድና ጊታር ኦክታቩን እኩል አሥራ ሁለት ላይ የከፈሉ መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ በጆሮው የተማረ ማሲንቆ ተጫዋች በተለይ አንቺሆዬን ሲጫወት አንዳንዱን ድምፅ ከኪቦርዱ ቁልፍ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ የቅኝቱ ለዛ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። መፍትሔው ማሲንቆውን ማረም ሳይሆን በእነዚያ ዘፈኖች ኪቦርዱን ማሳረፍ ወይም እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ማስተካከል በሚያስችል ኪቦርድ መጠቀም ነው። መድረክ ላይ ሁሉም በጋራ የሚነሡበት ላ 440 ኸርዝ ቢሆን ይመረጣል፤ ክራሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ መቃኛ ግዙ፣ ለማሲንቆውም መነሻውን ድምፅ ስጡትና ቀሪውን ለጆሮው ተዉለት።

ምትና ቅንብር

የእኛ ሙዚቃ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ችክችካ ስድስቱ ምቶች ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ሆነው፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሰሙበት ስልት ነው። ከፖፕና ከሮክ የመጣ ድራም ተጫዋች ሳያውቀው ወደ አራት አራተኛ ሲጎትተው እስክስታው ይሰበራል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ የሚጨፍር ሰው ነው፤ በልምምድ ላይ አንድ እስክስታ የሚያውቅ ወዳጅ ጋብዙ፣ ትከሻው ሲቸገር ምታችሁ ተበላሽቷል ማለት ነው። ከበሮና ድራም አብረው ካሉ ሥራ አካፍሏቸው። ዝቅተኛውን ድምፅ ከበሮው ከያዘ የድራሙ ትልቁ ከበሮ ይረፍ፤ ድራሙ ሲመታው ደግሞ ከበሮው ወደ ጠርዙ ወጥቶ ይጫወት። ቤዙ ከሁለቱ በአንደኛው ላይ ይቀመጥ፣ ሦስቱም በአንድ ቦታ ሲመቱ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው።

በኮርድ (በአንድ ጊዜ አብረው በሚመቱ ድምፆች) በኩል ቁጥብ ሁኑ። ዜማዎቻችን በአምስት ድምፅ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ሙሉ ኮርድ ሲደረብባቸው ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ሾልኮ ይገባና አምባሰሉ የፖፕ ማይነር ይመስላል። ከዚህ ይልቅ ከቅኝቱ የተወሰዱ ሁለት ድምፆች፣ ለምሳሌ ዶ እና ሶል፣ ደጋግሞ የሚመላለስ የቤዝ ሐረግ ወይም አንድ ድምፅ ይዞ የሚቆይ አኮርዲዮን ብዙ ርቀት ይወስዳችኋል። ከዚያ ወጥታችሁ የሬጌ፣ የብሉዝ ወይም የጃዝ ኮርድ ስትጠቀሙ ሆን ብላችሁ፣ በታሰበበት ቦታ ይሁን፤ ለምሳሌ ማሲንቆው ባረፈበት የመሸጋገሪያ ክፍል። የባንዱ የተለየ መልክ የሚወጣው ከእንዲህ ያሉ ጥቂት ውሳኔዎች ነው፤ አሥር ስልት በአንድ ዘፈን ውስጥ ማጨቅ ግን አድማጩን ያደክማል።

ልምምድና ድምፅ ማጉላት

ለመጀመሪያው ወር አንድ ሕግ አውጡ፦ ማሲንቆው ያለ ማይክ ይጫወታል፣ እሱን መስማት ያልቻለ አባል የራሱን ድምፅ ይቀንሳል። ድራሙ በብሩሽ ወይም በቀጭን ዘንግ ይመታል፤ የጊታር አምፕሊፋየር መሬት ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ ወደ ተጫዋቹ ጆሮ ዞሮ ይቀመጣል። እኛ ይህን የጀመርነው ማይክ ስላልነበረን ነበር፤ በኋላ ግን ማይክ ስናገኝም አልተውነውም፣ ምክንያቱም መደማመጥን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ነገር አላገኘንም።

መድረክ ላይ ስትወጡ ማሲንቆው ከሁሉም ይበልጥ ለፉጨት (ማይክና ስፒከር ድምፅ ሲቀባበሉ ለሚወጣው ጩኸት) የተጋለጠ ነው፤ ቆዳ የለበሰው ሣጥኑ ራሱ ከስፒከር የሚመጣውን ድምፅ ይቀበላል። ትንሽ የሚቆነጠጥ ማይክ ከቆዳው ጥቂት ራቅ ብሎ ይሰካ፣ ተጫዋቹ ፊት ያለው ሞኒተር (ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) በቀጥታ ወደ ቆዳው አይዙር፣ ሚክሰሩ ላይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ይቆረጥ። ክራሩ ላይ ፒክአፕ (ንዝረቱን የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ) መለጠፍ ይቻላል፤ ብቻውን ድምፁ ይደርቃልና አቅም ካለ ማይክ ጨምሩበት። ከበሮው ሁለት ፊት ስላለው ሁለት ማይክ ይፈልጋል። ለድምፅ ባለሙያው ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አስቀድማችሁ ስጡት፤ ብዙዎቹ ማሲንቆን የሚያውቁት ከኪቦርድ ጀርባ ተቀምጦ ነው። የቆዳው ነገር በክረምት ይብሳል፤ እርጥበት ሲነካው ይላላልና ከመድረክ በፊት ከበሮውን ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ፀሐይ ከሌለም ከሙቀት አጠገብ በጥንቃቄ አቆዩት። ለደጋኑ የሚቀባ ዕጣንም ከሻንጣ አይጥፋ።

ከዝግጅታችሁ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዘፈን ያለ ኤሌክትሪክ መጫወት የምትችሉት ይሁን። አንድ ምሽት በሁለተኛው ዘፈን መሐል መብራት ሄደ፤ ቤዜ በእጄ ላይ ዝም አለ። ከበሮው ግን አልቆመም፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ተመልካቹ መሐል ገባና በስልክ መብራት ፊታቸው ለሚታየው ሰዎች በየስማቸው ግጥም ማውረድ ጀመረ። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ መብራቱ ሲመለስ ሕዝቡ አጥፉት ብሎ ጮኸ።

ዜማ ስለ መሰብሰብ፣ ስለ መብትና ስለ ገንዘብ

የምትጫወቱትን ሁሉ ከዩቲዩብ አትልቀሙ። ወሎ፣ ጎንደር፣ ጎጃም ወይም የራሳችሁ አያት መንደር ሂዱ፤ ሰርግ ላይ፣ አውድማ ላይ፣ ልቅሶ ላይ የሚባለው በየቦታው ይለያያል። ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ የሚዘፍኑትን እናት ወይም አባት ስም፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግቡ፣ ግጥሙን ከራሳቸው አፍ ጻፉ፤ የማታውቁት ቃል ካለ እዚያው ጠይቁ። ለጊዜያቸው የሚገባቸውን ክፍያ ስጡ፤ ስጦታ ብላችሁ በዳቦና በስኳር አትለፉት።

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው መሠረት የሥራ አመንጪና የተጫዋች መብት በአገራችን ሕግ የተጠበቀ ነው፤ የአመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ «የሕዝብ ዜማ ነው» ከማለታችሁ በፊት የታወቀ ደራሲ እንደሌለው አጣሩ፤ ካለው እሱን ወይም ወራሾቹን አግኝታችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ። የራሳችሁን ቅንብርና ግጥምም ማን ምን እንደሠራ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት። ወዳጅነት እያለ የሚጻፍ ውል ከወዳጅነት በኋላ ከሚጀመር ክርክር ያድናል።

ገንዘቡን በተመለከተ እኛን ያስማማን አከፋፈል ባንዱን እንደ አንድ ተጨማሪ አባል መቁጠር ነው። አምስት ሰዎች ሆናችሁ ለአንድ ምሽት 30,000 ብር ቢከፈላችሁ በስድስት ተካፍሎ 5,000 ብሩ ለክር፣ ለትራንስፖርትና ለቀረጻ ወደ ባንዱ ሣጥን ይገባል። ለእያንዳንዱ ሥራ ሰዓቱን፣ የክፍያውን መጠን፣ የድምፅ መሣሪያውን ማን እንደሚያቀርብ የሚገልጽ አንድ ገጽ ውል አዘጋጁና ግማሹን በቅድሚያ ተቀበሉ። እኛ አንድ አዘጋጅ በቃል ብቻ «ከዝግጅቱ በኋላ» ብሎን ሦስት ወር አመላልሶናል፤ የከበሮ ተጫዋቻችን የዚያን ወር የቤት ኪራይ የከፈለው ተበድሮ ነበር።

ለቀረጻ ውድ ስቱዲዮ አያስፈልጋችሁም። ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሁለት ጥሩ ማይክና አንድ የድምፅ ካርድ ይዛችሁ ማሲንቆውን፣ ከበሮውንና ድምፃዊቷን በአንድ ጊዜ አብረው ቅረጹ፤ ቤዝና ጊታር በኋላ ሊጨመሩ ይችላሉ። ሁሉንም ለየብቻ በሜትሮኖም ከቀረጻችሁት ስንኙን ተከትሎ የሚረዝመውና የሚያጥረው ነገር ይጠፋል። ሥራውን በዩቲዩብና በቴሌግራም ስትለቁ የመሣሪያ ተጫዋቾቹንም ስም ጻፉ፤ የማሲንቆ ተጫዋች ስም ከዘፋኙ ጋር እኩል ሲጻፍ ማየት እስካሁን ብርቅ ነው።

ቀረጻው ሲያልቅ የመጀመሪያው ቅጂ ዜማውን ወደሰጧችሁ ሰው ይሂድ። መንደሩ ኔትወርክ ከሌለው በሚሞሪ ካርድ ጫኑና ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ለአንዲት የሰርግ ዘፈን ላስተማሩን እናት በትንሽ ስፒከር ስናሰማቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ማሲንቆው ደኅና ነው፤ ሙሽራዋ ግን በዚህ ፍጥነት አትወጣም፣ ታለቅሳለች እኮ» አሉን። ወደ ከተማ ተመልሰን ዘፈኑን ቀስ አድርገን እንደገና ቀረጽነው።